የአዲስ አበባ ቤት ዋጋ ከሲሚንቶው በፊት መሬቱ ላይ ይወሰናል፦ ሊዝ፣ የወለል ብዛት፣ ፓርኪንግ፣ ፍሳሽ

ችካል (ክሩን የከፈተ)

ቤት ተወደደ ሲባል መጀመሪያ የሚከሰሱት ሲሚንቶና ፌሮ ናቸው። ክሱ ሐሰት አይደለም። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ሊፍት፣ ኬብልና የንፅህና ዕቃ በብር የት እንደደረሱ ዋጋ የሚሞላ ሁሉ ያውቀዋል። ግን ሲሚንቶ ርካሽ በነበረበት ጊዜም አዲስ አበባ ላይ ቤት አይቀመስም ነበር። ስለዚህ እዚህ ክር ላይ ከግንባታ ዕቃው በፊት ስላለው ነገር እንነጋገር፦ መሬቱ እንዴት ይወጣል? ከወጣስ በኋላ ምን እንዲሠራበት ይፈቀዳል?

መነሻው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆኑ፤ አንድ ቤተሰብ ለመኖሪያው እስከ 500 ካሬ ሜትር ተፈቀደለት። የሊዝ ሥርዓቱ በ1986 ተጀምሮ ሁለት ጊዜ ተሻሽሎ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ላይ ደረሰ። ይህ ማለት ለአዲስ ግንባታ በሕጋዊ መንገድ ገበያ ላይ የሚቀርበው ቦታ ከተማው ያወጣው ያህል ብቻ ነው። ገበሬው ወይም የድሮው ባለይዞታ «ዋጋው ደህና ስለሆነ ልሽጥ» ብሎ ባዶ መሬት ማቅረብ አይችልም። ጨረታው በተቆራረጠ ቁጥር የሚወጣው ጥቂት ቦታ ላይ ሁሉም ይረባረባል፤ የዚያ ጨረታ ዋጋ ደግሞ በማግስቱ ለሰፈሩ ሁሉ መለኪያ ይሆናል።

አሁን ስሌቱን እንመልከት። 10 ሜትር በ15 የሆነ 150 ካሬ ቦታ እንውሰድ። ካሬው ለስሌት እንዲመች 30,000 ብር ይሁን፤ ሰፈር አልጠቀስኩም፣ እናንተ በምታውቁት ቀይሩት። መሬቱ 4,500,000 ብር ሆነ። ከቦታው 60 በመቶው ላይ መገንባት ከተፈቀደ አንዱ ወለል 90 ካሬ ነው።

ጂ+1 (ምድር ቤትና አንድ ፎቅ) ብቻ ከተፈቀደ 180 ካሬ ወለል ይወጣል። የመሬቱ ድርሻ በአንድ ካሬ ወለል 25,000 ብር ይሆናል።
ጂ+4 ከተፈቀደ 450 ካሬ ወለል ይወጣል። ድርሻው 10,000 ብር ይሆናል።

60 ካሬ ለሆነች መኖሪያ በመጀመሪያው መንገድ የመሬቱ ዋጋ 1,500,000፣ በሁለተኛው 600,000 ብር ነው። አንድ ድንጋይ ሳይነሳ የ900,000 ብር ልዩነት መጣ። ይህን ልዩነት ያመጣው ፕላኑ ላይ የተጻፈው የወለል ብዛት ነው።

ሁለተኛው ነገር አከፋፈሉ ነው። በአዋጁ ቅድሚያ ክፍያው ከጠቅላላው ከ10 በመቶ አያንስም፤ እዚህ ምሳሌ ላይ 450,000 ብር ነው። ቀሪው ከነወለዱ በየዓመቱ ይከፈላል፣ የመኖሪያ ሊዝ ዘመኑም 99 ዓመት ነው። ሲነበብ ለአነስተኛ ቆጣቢ የተመቸ ይመስላል። ግን በጨረታው አሸናፊ ሲለይ 80 በመቶው ነጥብ ለዋጋው፣ 20 በመቶው ለቅድሚያ ክፍያው መጠን ሲሰጥ ቆይቷል። ጥሬ ገንዘብ በእጁ ያለው ሰው በሁለቱም በኩል ይቀድማል። ደመወዝተኛው 10 በመቶውን ይዞ ቢሄድም ገና ከበሩ ይመለሳል።

የሚያርመኝ ካለ ደስ ይለኛል፤ በተለይ የወለል ስሌቱን ሆን ብዬ አቅልዬዋለሁ።

---

አርማታ

ስሌቱ አቅጣጫው ልክ ነው፤ ግን 90 ካሬ ወለል 90 ካሬ ቤት አይደለም። ላርመው።

ደረጃው፦ የወለል ከፍታ 3 ሜትር ሲሆን አንዱ መርገጫ 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይነሳል፤ 18 መርገጫ ያስፈልጋል። በሁለት ዙር ሲከፈል ዘጠኝ ዘጠኝ ነው። መርገጫው 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ሲኖረው አንዱ ዙር 2.4 ሜትር፣ ሁለቱ ማረፊያዎች እያንዳንዳቸው 1.2 ሜትር ሲሆኑ ጠቅላላ ርዝመቱ 4.8 ሜትር ይደርሳል። ስፋቱ 2.6 ሜትር ነው እንበል። 12.5 ካሬ ሄደ። ከቀረው 77.5 ላይ ግድግዳና ኮለን 10 በመቶ ያህል ይወስዳሉ። የሚኖርበት 69 ካሬ ገደማ ይቀራል፤ ለሁለት ሲከፈል በየወለሉ ሁለት 34 ካሬ ቤቶች ማለት ነው፤ ስቱዲዮ ወይም ጠበብ ያለ ባለ አንድ መኝታ። የጂ+4 የመሬት ድርሻ እንግዲህ ከ10,000 ወደ 13,000 ብር በካሬ ከፍ አለ።

ቀጥሎ ፓርኪንግ። አንድ መኪና 2.5 በ5 ሜትር ይቆማል፤ መግቢያና መዞሪያው ሲደመር በአማካይ ከ25 እስከ 30 ካሬ ይፈጃል። አሥር ቤት ላለው ሕንፃ አምስት መኪና ብቻ ቢጠየቅ እንኳ ቢያንስ 125 ካሬ ነው፤ ቦታው ራሱ 150 ካሬ ነው። «ቤዝመንት ቆፍር» ይባላል። ራምፑ (የመኪና መውረጃው) በ15 በመቶ ቁልቁለት 3 ሜትር ለመውረድ 20 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል። የቦታው ርዝመት 15 ሜትር ነው። አይገባም። ቁልቁለቱን ብታበረታው መኪናው ሆዱን ይመታል፤ ብትጠመዝዘው ስፋት የለህም።

የሚቀረው ምርጫ ምድር ቤቱን ለመኪና መስጠት ነው። አሥሩ ቤት ስምንት ይሆናል፣ የመሬቱ ድርሻ ወደ 16,300 ብር ይወጣል። መኪና የሌለው ተከራይ ሦስት መኪና የሚያቆም ባዶ ወለል ኪራይ ይከፍላል ማለት ነው። ለዚህ ነው ትንንሽ ቦታዎች ላይ የፓርኪንግ ግዴታ ከወለል ብዛቱ እኩል የሚያንቀን።

ሴትባኩን (ከወሰኑ ፈቀቅ ተብሎ ባዶ የሚተወውን) ደግሞ አትርሳው። ከፊት 3፣ ከኋላ 2 ሜትር ከተተወ 10 በ10 ይቀራል። በአንድ ጎን መስኮት ለመክፈት ሌላ 2 ሜትር ፈቀቅ ካልክ 8 በ10፣ 80 ካሬ። ያንተ 60 በመቶ ወረቀት ላይ ብቻ ያለ ቁጥር ሆነ። ረዥምና ጠባብ ቦታ ላይ ከመቶኛው በፊት የሚያስረው ሴትባኩ ነው።

---

ደባል

ሁለታችሁም የምታወሩት ካርታ ስላለው ሰው ነው። የከተማው ተከራይ ግን በብዛት የሚኖረው በፕላኑ ላይ በሌለ ቤት ውስጥ ነው፦ ግቢ ውስጥ በተደረደረ ሰርቪስ፣ በቀበሌ ቤት ላይ በተቀጠለ ክፍል፣ ዳር ላይ በሌሊት በቆመ የጨረቃ ቤት። እነዚህ ሁሉ ደንቡ የማያውቃቸው፣ ወይም የሚያፈርሳቸው ቤቶች ናቸው። ለዝቅተኛ ገቢ ዋናውን አቅርቦት የያዙት ግን እነሱ ናቸው። አንድ ሰፈር ለመልሶ ማልማት ሲነሳ የሚቆጠረው የቀበሌ ቤቱና ባለካርታው ነው። ሰርቪስ ውስጥ ያለው ተከራይና ደባሉ ምትክ የላቸውም። ስለዚህ «300 ቤት ፈርሶ 900 ተሠራ» ሲባል፣ የፈረሰው በእርግጥ ስንት አባወራ እንደነበረ ቁጥሩ አይናገርም።

ሌላው ጥያቄዬ ለችካል ነው። ወለሉ ይጨመር ትላለህ። ቦሌና ካዛንቺስ ላይ ወለሉ ተጨምሯል እኮ፤ የወጣው ግን የቅንጦት አፓርትመንት ነው። ለማን ረከሰ?

---

ችካል

ወዳጄ ደባል፣ ይህ ጥያቄ የክሩ ልብ ነው፤ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ጂ+4 ለአንድ መንገድ ዳር ብቻ ሲፈቀድና ዙሪያው ሁሉ ጂ+1 ሆኖ ሲቀር፣ ተጫራቹ እኔ የሠራሁትን ስሌት ቀድሞ ሠርቶት ይመጣል። «እዚህ 450 ካሬ ወለል አገኛለሁ» ብሎ ካሬውን ከ30,000 ወደ 60 እና 70,000 ይሰቅለዋል። 75,000 ላይ ሲደርስ የመሬቱ ድርሻ ተመልሶ 25,000 ሆነ። የወለሉ ጥቅም በሙሉ ወደ መሬቱ ዋጋ ገባ፤ ቤት ገዢው ምንም አላተረፈም። መሬት እንዲህ ነው፦ ፈቃዱ ብርቅ ከሆነ የፈቃዱን ዋጋ ይበላዋል።

ያው ጂ+4 በብዙ ሰፈር፣ በብዙ ሺህ ቦታ ላይ ሲፈቀድ ግን አንዱ ባለቦታ ሲያስወድድ ገንቢው ወደ ሌላው መሄድ ይችላል። ያኔ ጥቅሙ ወደ ቤቱ ዋጋ ይወርዳል። ስለዚህ ክርክሬ ጥቂት ቦታ ላይ ጂ+20 ከመፍቀድ ብዙ ቦታ ላይ ጂ+3 እና ጂ+4 መፍቀድ ይሻላል የሚል ነው። ቦሌ ላይ ያየኸው የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ረጅም ሕንፃ ደግሞ በራሱ ውድ ነው፦ ሊፍት፣ ጄኔሬተር፣ የእሳት መከላከያ፣ ጥልቅ መሠረት። ኮንዶሚኒየሞቹ በ1996 እና 97 ሲጀመሩ በብዛት ጂ+4 የተደረጉት ያለምክንያት አልነበረም፤ ሰው ያለ ሊፍት በእግሩ የሚወጣው እስከዚያ ነው።

ስለ ሰርቪስ ያልከው ትክክል ነው፤ እኔም የምቆጨው እዚያ ላይ ነው። ሰርቪሱን ሕጋዊ አድርጎ መስኮት፣ መጸዳጃና መውጫ እንዲኖረው መጠየቅ ይቻል ነበር። ሕገ ወጥ ሲሆን ባለቤቱ ነገ ይፈርሳል ብሎ ስለሚሰጋ በቆርቆሮና በጭቃ ያቆመዋል፤ ተከራዩ የጉድለቱን ዋጋ በጤናው ይከፍላል።

---

ሮቶ

ወለል ጨምሩ ለሚሉ ሁሉ፦ ፍሳሹስ የት ይሂድ?

ጂ+4፣ አሥር ቤት፣ በቤት አራት ሰው፣ 40 ሰው። በሰው በቀን 80 ሊትር ብንቆጥር 3,200 ሊትር በቀን ነው። የከተማው የፍሳሽ መስመር ካለ ጥያቄው ያበቃል። በብዙ ሰፈር ግን የለም፤ ሴፕቲክ ታንክና ማስረጊያ ጉድጓድ ነው ያለው። በምሥራቅ አዲስ አበባ ብዙ ቦታ አፈሩ ኮትቻ (ጥቁር ሸክላማ አፈር) ነው፤ ውኃ አያሰርግም። ማስረጊያው ሳይሠራ ሲቀር ሴፕቲኩ ማጠራቀሚያ ይሆናል። 10 ሜትር ኩብ ታንክ በሦስት ቀን ይሞላል። በሳምንት 22 ሜትር ኩብ ገደማ ነው፤ 10 ሜትር ኩብ የሚጭን መምጠጫ መኪና በሳምንት ከሁለት ጊዜ በላይ መምጣት አለበት። ወጪውን አሥሩ ቤት መሸከም ሲያቅተው በሌሊት ወደ ጎርፍ መውረጃው ይለቀቃል፤ ከዚያ ወደ ወንዝ።

ውኃውም እንዲሁ ነው። ቧንቧው በሦስት ቀን አንዴ ከመጣ 10 ሜትር ኩብ ያህል ማከማቻ ያስፈልጋል። ያ ጣሪያ ላይ 10 ቶን ማለት ነው። መሐንዲሱ ያላሰበውን ሮቶ በኋላ ደርድረው ሶሌታ የሚሰነጥቁ አሉ። ትክክለኛው መንገድ ዋናውን ጋን መሬት ውስጥ ማድረግ፣ ፓምፕ መግጠምና ላይ 2 ሜትር ኩብ ብቻ መተው ነው። ያኔም ጋኑና ሴፕቲኩ ከዚያው ከ60 ካሬ ግቢ ላይ ቦታ ይሻማሉ፤ ሁለቱ ደግሞ በምንም መንገድ ጎን ለጎን አይቀመጡም። ሴፕቲኩ ዝቅ ባለው፣ ጋኑ ከፍ ባለው ጫፍ ነው መሆን ያለበት።

ስለዚህ የወለል ብዛት ካርታው ላይ በቀለም የሚሞላ ነገር አይደለም። የፍሳሽ መስመር ያለበትን ሰፈር ለይቶ መጀመሪያ እዚያ ላይ መፍቀድ ነው።

---

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ከዚህ ከዋሺንግተን ዙሪያ ጥቂት ነገር ላክል፤ የኛ ሰው በብዛት ያለበት አካባቢ ስለሆነ።

ዋሺንግተን ዲሲ ከ1910 (እኔ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ጀምሮ በኮንግረስ ሕግ የሕንፃ ቁመት ተገድቧል። በንግድ ጎዳና ላይ ቁመቱ የመንገዱ ስፋት ሲደመር 20 ጫማ ነው፤ ጣሪያው በብዛት 130 ጫማ፣ 40 ሜትር ገደማ። ውጤቱን ለማየት ከጆርጅታውን ወንዙን ተሻግሮ ወደ ሮዝሊን ማየት ይበቃል፤ ረጃጅሞቹ ሕንፃዎች የተተከሉት ድንበሩ እንዳለቀ ነው።

ሞንትጎመሪ ካውንቲ (ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት) ደግሞ ከ1974 ጀምሮ የሚሠራበት ደንብ አለ። ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነ አዲስ የመኖሪያ ፕሮጀክት ቢያንስ 12.5 በመቶ የሚሆነውን ቤት ለመካከለኛ ገቢ በተወሰነ ዋጋ ማቅረብ አለበት። ብልሃቱ ግን ግዴታው ብቻውን አለመምጣቱ ነው፤ ገንቢው ከ12.5 በላይ ሲሰጥ ተጨማሪ ቤት የመገንባት ፈቃድ ያገኛል። ዋጋው እንዳይሸሽም ለሽያጭ 30 ዓመት፣ ለኪራይ 99 ዓመት ይታሰራል። አዲስ አበባ ላይ ኮንዶሚኒየም ለአምስት ዓመት እንዳይሸጥ ታግዶ ከዚያ በኋላ ሙሉ በሙሉ ገበያ ውስጥ እንደሚገባው አይደለም።

ችካል «ብዙ ቦታ ላይ ትንሽ ትንሽ» ላለው በሚኒሶታ ግዛት ያለችውን ሚኒያፖሊስን ጥቀሱ። በ2018 የጸደቀው ፕላን በከተማው ሁሉ አንድ ቤት ብቻ የሚፈቀድባቸውን ቦታዎች እስከ ሦስት ቤት ከፈተ፤ በ2021 ደግሞ የፓርኪንግ ግዴታ በሙሉ ተነሳ። ከ2017 እስከ 2022 የከተማው የቤት ብዛት 12 በመቶ ሲያድግ ኪራይ የጨመረው 1 በመቶ ብቻ ነው። በቀረው ሚኒሶታ ቤቱ 4 በመቶ አድጎ ኪራዩ 14 በመቶ ጨመረ። ልብ በሉ፤ አብዛኛው አዲስ ቤት የመጣው ከባለ ሦስቱ ሳይሆን በትራንስፖርት መስመሮች ዳር ከተፈቀዱት አፓርትመንቶችና ከፓርኪንጉ መነሳት ነው። አርማታ ስለ ራምፑ የጻፈውን ሳነብ ወዲያው ትዝ ያለኝ ይህ ነው።

የቦታ ስፋትም አለ። ሂውስተን በ1998 በውስጠኛው ቀለበት መንገድ ውስጥ ዝቅተኛውን የቦታ ስፋት ከ5,000 ካሬ ጫማ (465 ካሬ ሜትር) ወደ 1,400 (130 ካሬ ሜትር) አወረደች። አንድ አሮጌ ቤት በነበረበት ሦስት ጠባብ ቤቶች ቆሙ።

---

ባለጉዳይ

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ተግባራዊ ጥያቄ። 200 ካሬ ነባር ይዞታ (በሊዝ ያልተገኘ የድሮ ቦታ)፣ አራት ወራሾች። ሸጠው ከሚበተኑ ጂ+3 ሠርተው እያንዳንዳቸው አንድ ወለል ቢይዙ ይቻላል? ቅደም ተከተሉስ? የሚያውቅ በዝርዝር ቢጽፍልን።

---

ውል_አዋዋይ

ይቻላል፤ የሚበላሸውም ብዙ ጊዜ በሦስት ቦታ ነው። ልዘርዝር።

አንደኛ፣ ውርስና ሽያጭን አለማቀላቀል። በ721/2004 መሠረት ነባር ይዞታ ከውርስ በስተቀር በማንኛውም መንገድ ወደ ሌላ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ይገባል። ውርስ ግን አያስገባም። ስለዚህ መጀመሪያ በፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ አውጡ፤ ካርታውን በአራቱ ስም አዙሩ። አንዱ ወራሽ ድርሻውን ለውጭ ሰው ከሸጠ በኋላ ወደ ካርታው ብትሄዱ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። ካርታው ላይ ያለው ስፋት መሬት ላይ ካለው ጋር መመሳሰሉን በልኬት አረጋግጡ። 200 የሚል ካርታ ይዞ 212 ካሬ ያጠረ ሰው የ12 ካሬው ጥያቄ ሳይፈታ ፈቃድ አያገኝም።

ሁለተኛ፣ ፕላን ስምምነት ከዲዛይን በፊት። ብዙ ሰው መጀመሪያ አርክቴክት ቀጥሮ ጂ+3 ያስነድፋል። ከዚያ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሲሄድ ቦታው ለመንገድ ማስፋፊያ 2 ሜትር ተቆርጧል፣ ወይም የአካባቢ ልማት ፕላኑ ሌላ አገልግሎት ሰጥቶታል። በ2009 የጸደቀው መዋቅራዊ ፕላን ከከተማው መሬት 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴ፣ 40 በመቶ ለግንባታ ብሎ ነው የተነሳው። የመንገዱ 30 በመቶ የሚገኘው ከማን ግቢ እንደሆነ ቀድሞ መጠየቅ ነው። ፕላን ስምምነቱ የተፈቀደውን አገልግሎት፣ የወለል ብዛት፣ የመገንቢያ መቶኛና ሴትባክ ይነግራችኋል። ዲዛይኑ ከዚያ ይጀምራል።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ወለል የየራሱ ካርታ እንዲኖረው ማድረግ። ይህ በአዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ ሕንፃ ሆኖ በማስመዝገብ ነው። የሕንፃው መግለጫ ሰነድ፣ የየቤቱ ልክ፣ ከጋራው ያለው ድርሻ በመቶኛ፣ ደረጃው፣ ጣሪያው፣ ጋኑና ግቢው የጋራ መሆናቸው ይጻፋል፤ የባለቤቶች ማኅበርም ይቋቋማል። ይህ ካልተደረገ አራት ወለል ያለው አንድ ካርታ ነው የምትይዙት። አንደኛው ወንድም ከባንክ ሲበደር ሦስቱ መፈረም አለባቸው፤ አንዱ ሲያርፍ ሁሉም ፍርድ ቤት ይቆማሉ። ምድር ቤቱ ሱቅ ከሆነም ድርሻው በካሬ ብቻ ሳይሆን በዋጋም እንዲታሰብ ቀድማችሁ ተስማሙ። ጠብ የሚነሳው ሁልጊዜ ከሱቁ ኪራይ ነው።

በመካከል ያለው የተለመደው ነው፦ የአፈር ምርመራ፣ የአርክቴክቸር፣ የስትራክቸር፣ የኤሌክትሪክና የሳኒተሪ ዲዛይን፣ የግንባታ ፈቃድ፣ የወሰን ችካል ማስከበር፣ በየደረጃው ቁጥጥር፣ መጨረሻ ላይ የመጠቀሚያ ፈቃድ። የመጠቀሚያ ፈቃድ ሳይወጣ ቤተሰብ አስገብቶ መኖር የተለመደ ቢሆንም የየቤቱ ምዝገባ እዚያው ላይ ቆሞ ይቀራል።

---

አርማታ

ባለጉዳይ፣ ጂ+3 ማለትህ ጥሩ አጋጣሚ ነው። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃን በሦስት ምድብ ሲከፍል ከመሬት ከ12 ሜትር በላይ የሚነሳውን ከፍተኛው ምድብ ውስጥ ነው ያስገባው። ባለ 3 ሜትር አራት ወለል ልክ 12 ሜትር ነው። ምድር ቤቱን ለሱቅ ብለህ 4 ሜትር ካደረግከው፣ ወይም ጣሪያው ላይ ክፍል ከጨመርክ፣ ምድቡን ዘለልክ፤ የአማካሪውና የተቋራጩ ደረጃ፣ የሰነዱ ብዛትና ክፍያው አብሮ ይዘላል። አሁን የሚሠራበትን ደንብ ከጽሕፈት ቤቱ አረጋግጥ፤ ለአንድ ሜትር ቁመት ብዙ ገንዘብ እንዳታወጣ።

ሌላው ወሰኑ ላይ ያለው ኮለን ነው። የቦታውን ዳር ይዘህ ስትሠራ የመሠረቱ እግር ወደ ጎረቤት ሊዘረጋ አይችልም፤ ኮለኑ የእግሩ ጠርዝ ላይ ይቆማል። እንዲህ ያለ እግር ይሽከረከራል። ከውስጠኛው እግር ጋር በጠንካራ የማያያዣ ቢም መታሰር አለበት። ይህን ቢም «ፌሮ ይቆጥባል» ብለው የሚቀንሱ አሉ። ኮትቻ ላይ ከሆነ በሁለተኛው ክረምት ግድግዳው ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ይሰነጠቃል። ኮትቻውን አውጥቶ በተመረጠ አፈር መተካት ወይም እስከ ጠንካራው ድረስ መውረድ ነው። ስንት ሜትር እንደሚወረድ የሚነግርህ የአፈር ምርመራው ነው። እሱን ለመቆጠብ የጎረቤትን ውጤት መቅዳት አደጋ ነው፤ 30 ሜትር ርቀት ላይ ጥልቀቱ በእጥፍ ሲለይ ይገኛል።

---

ደባል

ወራሾቹ እንኳን መውጫ አላቸው። ወደ ተከራዩ ልመለስ። በ2016 የወጣው የኪራይ ቁጥጥር አዋጅ 1320 ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ጭማሪም በዓመት አንዴ በሚወጣው ተመን እንዲገደብ አድርጓል። ለተቀመጠው ተከራይ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ይህን ማንም እንዲያጣጥለው አልፈልግም። ግን አዲስ ቤት ፈላጊው ላይ ምን አመጣ?

---

ችካል

የተቀመጠውን ይጠብቃል፤ አዲስ ክፍል ግን አይወልድም። ባለቤቱ ለሁለት ዓመት የሚያስረውን ዋጋ መጀመሪያ ላይ ከፍ አድርጎ ይጠራል፣ ወይም ክፍሉን ለዘመድ ነው ብሎ ከምዝገባ ያሸሻል። ቁጥጥሩ የሚሠራው ከጎኑ አዲስ አቅርቦት ሲኖር ነው። የ67ቱ አዋጅም ይህንኑ አሳይቷል፦ ኪራዩ ዝቅ ብሎ ተተመነ፣ ቤቶቹ ለቀበሌና ለኪራይ ቤቶች ተሰጡ። በዚያ ኪራይ ግን ማደስ አልተቻለም፤ ግለሰብ ለኪራይ መሥራቱም ቀረ። የመሐል ከተማው ቤት በአርባ ዓመት ውስጥ ጣሪያው ዛገ፣ ምሰሶው ተበላ።

---

ሮቶ

በቆርቆሮ ታጥረው ለዓመታት የቆሙት ቦታዎችስ? የፍሳሽ መስመር በአጠገባቸው አልፎ እነሱ ባዶ ናቸው።

---

ውል_አዋዋይ

የሊዝ አዋጁ አላያቸውም ማለት አይቻልም። ባለሊዙ ግንባታ ሳይጀምር ወይም ግማሽ ሳያደርስ ማስተላለፍ ቢፈልግ፣ የሚያገኘው የከፈለውን የሊዝ ገንዘብ ከነወለዱ፣ የሠራውን ግንባታ ዋጋና ከዝውውሩ የሊዝ ዋጋ 5 በመቶውን ብቻ ነው፤ ቀሪው ለከተማው ይገባል። ሐሳቡ ባዶ መሬት እንዳይነገድበት ነው። በተግባር ግን ሁለት ነገር ሆነ።

አንዱ፣ ሰው ግማሹን ለማለፍ ብቻ መሠረትና ሶሌታ ያቆማል። ለፎቅ ቤት ግማሽ ማለት መሠረቱ አልቆ ግማሹ ሶሌታ ሲሞላ ነው። ከዚያ ግድግዳ ሳይገባለት ይቆያል። ከተማው ላይ ፌሮው ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ዝጎ የምናየው አፅም ሁሉ ገንዘብ ያለቀበት ብቻ አይደለም፤ ከፊሉ ገደቡን ካለፈ በኋላ ገዢ የሚጠብቅ ነው።

ሁለተኛው፣ ነባር ይዞታ ላይ ያለው ባዶ ቦታ በዚህ ገደብ አይነካም። ዓመታዊ የመሬት ኪራዩ ትንሽ ስለሆነ አሥር ዓመት አጥሮ ማቆየት ምንም አያስወጣም ማለት ይቻላል። በ2017 የወጣው የንብረት ታክስ አዋጅ ይህን ሊለውጠው የሚችለው መሬቱ ባለበት ሰፈር ዋጋ ከተተመነ ነው። ቤቱ ላይ ከብዶ መሬቱ ላይ ከቀለለ ግን ጂ+3 የሠራው ወራሽ ይቀጣል፤ አጥሮ የተቀመጠው ይሸለማል። ተመኑ ሲወጣ መሬትና ግንባታ ተለያይተው መቀመጣቸውን እዩ፤ ግምቱ የማይመስል ከሆነም አቤቱታ ለማቅረብ በተሰጠው ቀን ውስጥ በጽሑፍ አስገቡ። የቃል አቤቱታ መዝገብ ላይ አይገኝም።